ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚበር ትንሽ አውሮፕላን የትኛው የክንፍ ጫፍ ይሻላል?

የትንሽ አውሮፕላን ባለቤቶች ስለ ነዳጅ ማውራት ከጀመሩ ወሬው ቶሎ የክንፍ ጫፍ ላይ ይደርሳል። አንዱ ዊንግሌት ይላል፤ ጫፉ ላይ ወደ ላይ የሚቆመውን ትንሽ ክንፍ ማለቱ ነው። ሌላው የሆርነር ጫፍ ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ክንፉን ማስረዘም ነው ዋናው ብሎ ይከራከራል። የሻጮቹ ብሮሹር ደግሞ ሁሉንም በአንድ ላይ ቃል ይገባል፤ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ አውሮፕላኑ ቶሎ ይነሳል፣ ሲያርፍም ይረጋጋል።

ያ ብሮሹር ግን የተጻፈው ብዙ ጊዜ ለባህር ጠለል ቅርብ ሆኖ ለሚበር ሰው ነው። እኛ የምንነሳው ከ2300 ሜትር በላይ ከሆነው ቦሌ ወይም 1900 ሜትር ገደማ ከሆነው ቢሾፍቱ ነው። ይህ ልዩነት ስሌቱን ከሥሩ ይቀይረዋል። ግማሹ ለእኛ ይጠቅማል፣ ግማሹ ደግሞ ያሳስታል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እኛ አካባቢ ጥሩ የክንፍ ጫፍ ከሌላው አገር የበለጠ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ ግን ከሁሉም በላይ የሚታየው አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ነው። በሊትር ሲቆጠር የሚተርፈው ነዳጅ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ስለዚህ ምርጫው "የትኛው ነዳጅ ይቆጥባል?" ከሚለው ይልቅ "አውሮፕላኔ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል?" ከሚለው ጥያቄ ቢጀምር ይሻላል።

የእኛ አየር ምን ይለየዋል?

አውሮፕላንን ወደ ኋላ የሚይዘው ድራግ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ፓራሳይት ድራግ ነው። አካሉ፣ ጎማው፣ አንቴናው፣ ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ሁሉ አየሩን ሲገፉ የሚመጣ ነው። በፍጥነት በበረርክ ቁጥር ይብሳል። ሁለተኛው ኢንዲዩስድ ድራግ ይባላል። ክንፉ ክብደት ተሸክሞ አየር ላይ ለመቆየት የሚከፍለው ዋጋ ነው። ከክንፉ ሥር ያለው አየር ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፣ ከላይ ያለው ዝቅ ያለ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ከሥር ያለው አየር ወደ ላይ ይገለበጥና ይሽከረከራል። ያ ሽክርክሪት ጉልበት ይበላል፣ ጉልበቱም የሚመጣው ከነዳጅ ነው።

የክንፍ ጫፍ መቀየር የሚነካው በዋናነት ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። እዚህ ላይ መጽናት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሻጩ "ድራግ በ15 በመቶ ይቀንሳል" ሲል የትኛውን ድራግ ማለቱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይናገርም።

ኢንዲዩስድ ድራግ የሚጨምረው መቼ ነው? ዝግ ብለህ ስትበር፣ ስትከብድና አየሩ ሲሳሳ። ሦስቱም እኛ ጋ አሉ። ቦሌ ላይ ያለው አየር ከባህር ጠለል አየር አንድ አምስተኛውን ያህል የሳሳ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይብሳል። ቴርሞሜትሩ 24 ዲግሪ ሲያሳይ አውሮፕላኑ ከ10,000 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰማው። ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። ሴስና 172ን እንውሰድ፤ 160 የፈረስ ጉልበት፣ 1100 ኪሎ ገደማ ክብደት፣ 11 ሜትር የክንፍ ርዝመት። ባህር ጠለል ላይ በ120 ኖት (የአውሮፕላን የፍጥነት መለኪያ ነው) ሲበር፣ በእኔ ስሌት ኢንዲዩስድ ድራግ ከጠቅላላው 15 በመቶ ገደማ ነው። ያው አውሮፕላን 12,000 ጫማ ላይ በ110 ኖት ሲበር ድርሻው ወደ 35 በመቶ ይጠጋል። ሽቅብ ሲወጣ፣ የፍጥነት መለኪያው 75 ኖት አካባቢ ሲያሳይ፣ ከግማሽ በላይ ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። ያው የክንፍ ጫፍ ባህር ጠለል ላይ ባለችው ሞምባሳ ሲገጠምና ቢሾፍቱ ላይ ሲገጠም እኩል አይሠራም። እዚህ የሚነካው የድራግ ድርሻ ከእጥፍ በላይ ነው።

ጫፍ ከመግዛት በፊት

አንድ ወጣት ፓይለት ሀንጋር ውስጥ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ሲያማክር ሰምቻለሁ። "ጋሼ፣ ዊንግሌት ባስገጥም በሰዓት ስንት ሊትር ይተርፈኛል?" አለው። ቴክኒሻኑ መልስ አልሰጠውም። መሰላሉን ይዞ ወደ ግራ ክንፉ ሄደ። "ና እስቲ ልጄ፣ እጅህን እዚህ አድርግ" አለው። የፋይበርግላሱ ጫፍ ከክንፉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ብሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ሁለቱ ብሎኖች ጭራሽ የሉም። ከታች ያለው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳም በአቧራና በሰም ተደፍኗል። ቴክኒሻኑ በሽቦ ሲከፍተው ቡናማ ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ክረምቱን ሙሉ ውጭ የቆመ አውሮፕላን ነው፣ ዝናቡን በጫፉ ይዞ ነበር የሚበረው።

ይህ ብርቅ ነገር አይደለም። የደጋ ፀሐይ ፋይበርግላስን ቶሎ ያደርቀዋል። ውጭ የሚቆም አውሮፕላን ጫፉ ከሌላው አካሉ ቀድሞ ይጎዳል። ያለውን ጫፍ ማደስ፣ ክፍተቱን መዝጋት፣ ብሎኑን ማሟላት፣ ቀዳዳውን ማጽዳት ከአዲስ ኪት (ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ሙሉ የመቀየሪያ ዕቃ) ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

ከዚያ ሚክስቸር አለ፤ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለውን ነዳጅ የሚመጥነው ዘንግ ነው። በቤንዚን ሞተር የሚበር ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ የለውም። ባህር ጠለል ላይ የተለመደው ነገር ሚክስቸሩን ሙሉ በሙሉ ገፍቶ መነሳት ነው። የሴስና መመሪያ ግን ከ3000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ ሞተሩ ከፍተኛውን ዙር እስኪሰጥ ድረስ ሚክስቸሩን እንድታሳሳ፣ ማለትም ነዳጁን እንድትቀንስ ይመክራል። ቦሌ ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍ ይላል። እዚህ ሙሉ ሚክስቸር ይዞ የሚነሳ ሰው ነዳጁንም ያባክናል፣ ጉልበቱንም ያጣል፣ የሞተሩን ሻማም ያጠቁራል። ክሩዝ ላይም፣ ከፍታ ይዞ ቀጥ ብሎ ሲጓዝ፣ ተገቢውን ያህል ሳያሳሳ የሚበር ከሆነ የሚያባክነው ነዳጅ የትኛውም የክንፍ ጫፍ ከሚያተርፍለት ይበልጣል። እንደ ዲኤ40 ኤንጂ ያለ የናፍጣ ሞተር ያለው አውሮፕላን የሚያበር ሰው ይህን ክፍል መዝለል ይችላል። እዚያ ሚክስቸር የሚባል ዘንግ የለም፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመጥናል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ኢንዲዩስድ ድራግ ከክብደት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። ከ1100 ኪሎ ላይ 50 ኪሎ ብትቀንስ ኢንዲዩስድ ድራግ 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከኋላ የተረሳ የመሣሪያ ሳጥን፣ የማይሠራ አሮጌ ሬዲዮ፣ ሁልጊዜ ሙሉ የሚሞላ ታንከር፣ ሁሉም ተደምሮ እዚያ ይደርሳል። ለአጭር በረራ ነዳጅ መመጠን ግን መጠባበቂያውን ሳይነኩ ነው፤ በዚህ ድርድር የለም።

እነዚህ ሦስቱ ተሠርተው ካለቁ በኋላ ስለ አማራጮቹ እናውራ።

የሆርነር ጫፍ

ስሙን ያገኘው ዚግሃርድ ሆርነር ከተባለው ጀርመን ተወላጅ የአየር ፍሰት ሊቅ ነው። ቅርጹን ለማወቅ ቀላል ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከሥር በሰያፍ ተቆርጦ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠርዙ ስል ነው። ሀሳቡ ሽክርክሪቱ በተቻለ መጠን ወደ ውጭ እንዲርቅ ማድረግ ነው። ሽክርክሪቱ ሲርቅ ክንፉ ትንሽ የረዘመ ያህል ይሠራል።

ጥቅሙ ቀላል መሆኑ ነው። ክብደት አይጨምርም ማለት ይቻላል። ሀንጋር ውስጥ ተጨማሪ ቦታ አይፈልግም። ክንፉ ሥር ላይ የሚያመጣው ጫና ትንሽ ነው። የተጎዳ ጫፍህን ለማንኛውም መቀየር ካለብህ በዚህ መቀየር ብልህነት ነው።

ነዳጅን በተመለከተ ግን ብዙ አትጠብቅ። በጠቅላላው 11 ሴንቲሜትር ያህል የረዘመ ክንፍ ውጤት ቢሰጥህ ኢንዲዩስድ ድራግ 2 በመቶ ይቀንሳል። 12,000 ጫማ ላይ ከጠቅላላው ድራግ ስናሰላው ከ1 በመቶ በታች ነው። በሰዓት 25 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር ይህ ከሩብ ሊትር ያነሰ ነው። በመለኪያህ ላይ አታየውም። ጤነኛ የፋብሪካ ጫፍ ያለው ሰው ለነዳጅ ብሎ ብቻ ይህን ቢገዛ ገንዘቡን አያስመልስም።

ወደ ታች የታጠፈ ጫፍ

ይህ የጫካ ሜዳ ፓይለቶች የሚወዱት ነው። ጫፉ ወደ ታች ይጎብጣል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው አጭር ሜዳ ላይ ለመነሳትና ለማረፍ ከሚያግዝ የክንፍ የፊት ጠርዝ ጋር አንድ ላይ ነው። ዝግ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ላይ መረጋጋት ይሰጣል የሚሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን የአብዛኛው ውጤት ምንጭ የፊት ጠርዙ እንጂ ጫፉ አይደለም። ለነዳጅ? አይሆንም። በዚህ ላይ ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ሣር ሜዳ ላይ የምታርፍ ከሆነ ለሌላ ምክንያት ግዛው።

ዊንግሌት

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ከቦሌ በስተምሥራቅ የሚኖር ሰው ቀና ባለ ቁጥር ያየዋል፤ 737 ሲያልፍ ጫፉ ወደ ላይ ቆሟል፣ ኤ350 ሲያልፍ ጥምዝ ብሏል። 787 ደግሞ ቀጥ ያለ ዊንግሌት የለውም፤ ጫፉ ወደ ኋላ ሾጥጦ ነው የሚያልቀው። እዚያ ላይ ብልሃት አለ፣ እመለስበታለሁ።

ዊንግሌትን እንደዛሬው ያደረገው የናሳው ሪቻርድ ዊትኮም ነው። ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ብዙም ሳይርቅ። ቀጥሎ ኬሲ-135 በተባለ ትልቅ ጄት ላይ ሲሞከር እስከ 6.5 በመቶ የሚደርስ የነዳጅ መሻሻል ታየ። በትናንሾቹ አውሮፕላኖች ዓለም አሜሪካዊው ነዳፊ በርት ሩታን ቀድሞ ነበር። በ1975 የበረረችው ትንሽ አውሮፕላኑ ቫሪኢዚ ዊንግሌት ነበራት።

የጄቱ 6.5 በመቶ ለሴስና ይሠራል ብሎ ማሰብ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ጄቱ ከባድ ነው፣ በጣም ሳስቶ ባለ አየር ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ይበራል፣ ክንፉ ደግሞ እንዳይረዝም ይገደዳል። የአየር ማረፊያ መቆሚያዎች ስፋታቸው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን ማደግ ሲያቅተው ወደ ላይ ያድጋል። ወደ ጎን ማደግ ቢችል ይመርጥ ነበር። የ787 ሾጣጣ ጫፍ ምስክር ነው።

እዚህ ላይ ነው የንጽጽሩ ዋና ነጥብ። ወደ ላይ የቆመ ዊንግሌት የሚሰጠው ጥቅም ያንኑ ያህል ክንፉን ወደ ጎን ብታስረዝመው ከምታገኘው ብዙ ጊዜ ግማሹን ያህል ነው። 50 ሴንቲሜትር የቆመ ዊንግሌት 25 ሴንቲሜትር ገደማ እንደረዘመ ክንፍ ያገለግላል። በምላሹ ክንፉ ሥር ላይ የሚያመጣው ጫና አነስ ይላል፣ ሀንጋር ውስጥም አይከለክልህም።

ከዚህ ላይ ደግሞ የሚቀነስ አለ። ዊንግሌቱ ራሱ አየር የሚነካው ተጨማሪ ገጽ ነው፣ ፓራሳይት ድራግ ይጨምራል። ዝቅ ብለህ ፈጥነህ ስትበር ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ከክንፉ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን በደንብ ካልተሠራ እዚያ አየሩ ይበጠበጣል። የሚያዞረው አንግል ትንሽ ከሳተ ጥቅሙ ይጠፋል። ስለዚህ ዊንግሌት ከፋብሪካ ጀምሮ ከክንፉ ጋር አብሮ ሲነደፍ፣ እንደ ዳይመንድ ዲኤ42 ላይ፣ ግሩም ነገር ነው። በኋላ ተቀጥሎ ሲገጠም ግን የኪቱ ሠሪ በዚያው ሞዴል ላይ በረራ አድርጎ የለካውን ውጤት ካላሳየህ አትግዛ። ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ሻጭ በቂ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፋብሪካ ያላጸደቀውን፣ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ጋራዡ ውስጥ በፋይበር የሠራውን ዊንግሌት ክንፍ ላይ ማሰር ለሕይወት አስጊ ነው። ጫፍ ላይ የሚጨመር ክብደት ክንፉ የሚንቀጠቀጥበትን ጠባይ ይቀይራል። ፍላተር የሚባለው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ክንፍ ለመስበር ሰከንዶች ይበቁታል።

ክንፉን ማስረዘም

ኢንዲዩስድ ድራግን በእውነት መቀነስ ለሚፈልግ መልሱ ይህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ክብደቱና ፍጥነቱ ሳይቀየር ኢንዲዩስድ ድራግ ከክንፉ ርዝመት ካሬ ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። 11 ሜትር የነበረውን ክንፍ በእያንዳንዱ ጎን 45 ሴንቲሜትር ብትጨምርበት 11.9 ሜትር ይሆናል። ኢንዲዩስድ ድራግ በ15 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ይህ በእኛ ከፍታ ምን ማለት ነው? 12,000 ጫማ ላይ ክሩዝ ስታደርግ ከጠቅላላው ድራግ 5 በመቶ። በሰዓት 25 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር ከ1 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ። በዓመት 300 ሰዓት ለሚበር 375 ሊትር ገደማ። የተጨመረው ክብደትና የክንፉ ተጨማሪ ገጽ ከዚህ ላይ ትንሽ ይቆነጥራሉ። ጥሩ ነው፣ ግን የኪቱንና የመግጠሚያውን ዋጋ በዚህ ብቻ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ሽቅብ መውጣቱን ስንመለከት ታሪኩ ይቀየራል። አውሮፕላን የሚወጣው በትርፍ ጉልበቱ ነው፤ ሞተሩ ከሚሰጠው ላይ ለመብረር ብቻ የሚፈልገው ተቀንሶ በሚቀረው። ቦሌ ላይ በቀትር ያ ትርፍ ጉልበት ትንሽ ነው። 160 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 110 ገደማ ወርዷል። ከዚያ ትንሽ ትርፍ ላይ ድራግ 8 በመቶ ሲቀንስልህ የመውጣት ፍጥነቱ በእኔ ስሌት 12 በመቶ ገደማ ያድጋል። በደቂቃ 400 ጫማ የሚወጣው 450 ይወጣል።

50 ጫማ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ወደ ሰሜን ልትሄድ እንጦጦን ከፊት ለፊትህ እያየህ፣ ሦስት ሰው ጭነህ ስትወጣ ትንሽ አይደለም። እንጦጦ 3200 ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ወደ 900 ሜትር ይቀረዋል። ወደ ምዕራብ ወጨጫ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ከቢሾፍቱ ደቡብ ዝቋላ አሉ። በዚህ አካባቢ የሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ተራራ አያጣም። ቶሎ ክሩዝ ከፍታ መድረስ ደግሞ ራሱ ነዳጅ ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ያጥራል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ሰማይ ላይ ያለው ምስክር አሞራ ነው። ቄራ ላይ የሚያንዣብበውን ልብ ብላችሁ እዩት። ክንፉ ረጅምና ሰፊ ነው፣ ጫፉ ላይ ላባዎቹ እንደ ጣት ተዘርግተው እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይሠራሉ። ክንፉን ሳያርገበግብ ከፍታ ይይዛል።

አሁን ደግሞ ጉዳቱን። ረጅም ክንፍ ወደ ጎን ለመዘንበል ይዘገያል፣ እጅ ላይ ይከብዳል። ንፋስ ከጎን ሲመጣ መሬት ላይ የበለጠ ይገፋል። ክንፉ ሥር ላይ የሚመጣው ጫና ያድጋል፤ ስለዚህ አንዳንድ ኪት የፍጥነት ወይም የክብደት ገደብ ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው የሚፈቀደውን ክብደት ከፍ ያደርጋል። በሞጆና በዝዋይ በኩል ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሚነሳውን የስምጥ ሸለቆ ንቅንቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ገደብ በቀላሉ አያየውም።

ጫፉ ላይ ነዳጅ ታንከር ይዞ የሚመጣ ማስረዘሚያም አለ። ረጅም መንገድ ለሚሄድ፣ በተለይ አውሮፕላን ቤንዚን በየክልሉ እንደልብ በማይገኝበት አገር፣ ይህ ሁለት ጉዳይ በአንድ ይፈታል። ታንከሩን ስለሞላኸው ብቻ ክብደቱ እንደሚጨምር ግን አትርሳ። ሁልጊዜ ሞልተህ ከበረርክ ያተረፍከውን ድራግ መልሰህ በክብደት ትከፍለዋለህ።

ለማን የቱ?

የበረራ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ተማሪ ክንፍ ጫፍን ከሀንጋር በርና ከሌላ አውሮፕላን ጋር የማጋጨት ዕድሉ ሰፊ ነው። ርካሽና በቀላሉ የሚቀየር ጫፍ ይሻላል። የፋብሪካውን አድሶ መያዝ ወይም የሆርነር ጫፍ። ኪቱ ስፒን (አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ የሚወርድበትን ሁኔታ) ማሠልጠን ይከለክል እንደሆነም ቀድሞ መታየት አለበት።

የአየር ላይ ፎቶና የካርታ ሥራ፣ የዱር እንስሳት ቆጠራ፣ ከፍ ብሎ ዝግ ብሎ ለሰዓታት የሚዞር ሥራ ከሆነ ያለምንም ማቅማማት ማስረዘም። የኢንዲዩስድ ድራግ ድርሻ ከሁሉም በላይ የሚከብደው እዚያ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ነው የነዳጁ ቁጠባ ራሱን ችሎ ኪቱን ሊከፍል ይችላል ብዬ የማምነው።

የመድኃኒት ርጭት አውሮፕላን የተለየ ጉዳይ አለው። የጫፉ ሽክርክሪት መድኃኒቱን ይዞ ወደ ላይ ያነሳና ወደ ጎረቤት ማሳ ይወስደዋል። ለዚህ ነው የርጭት ቧንቧው ከክንፉ ርዝመት ሦስት አራተኛ እንዳያልፍ የሚደረገው። ክንፉ ሲረዝም ቧንቧው ከሽክርክሪቱ ይርቃል። እዚህ ጥቅሙ ከነዳጅ ይልቅ መድኃኒቱ የታለመለት ሰብል ላይ ማረፉ ነው።

ለራሱ የሚበር፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ደግሞ? ገንዘቡን ይያዝ። ጫፉን ያድስ፣ የነዳጅ ፍሰት መለኪያ ያስገጥም፣ ሚክስቸሩን በደንብ ይማር። ሁልጊዜ አራት ሰው ጭኖ በቀትር የሚነሳ ከሆነ ብቻ ስለ ማስረዘም ያስብ።

ወረቀቱ፣ ሀንጋሩ፣ ሚዛኑ

ኪት ከማዘዝህ በፊት የኤስቲሲ ወረቀቱን ጠይቅ። ይህ አንድ ለውጥ ለአንድ የአውሮፕላን ሞዴል መጽደቁን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ለ172ኤን የጸደቀ ለ172ኤስ ላይሠራ ይችላል፤ የሞዴሉን ፊደልና የአውሮፕላንህን መለያ ቁጥር ሳይቀር አመሳክር። የአሜሪካ ወረቀት ብቻውን በቂ ነው ብለህም አትተማመን። ገንዘብ ከመላክህ በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን አነጋግር። ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ ፈቃድ መጠበቅ ከሁሉም የከፋው ቅደም ተከተል ነው።

ከተገጠመ በኋላ አውሮፕላኑ እንደገና ይመዘናል፣ የሚዛን ወረቀቱ ይታደሳል፣ የኪቱ ተጨማሪ መመሪያ ከአውሮፕላኑ መጽሐፍ ጋር ይቀመጣል። ኢንሹራንስህም ይወቀው። የሀንጋሩን በር ስፋት በሜትር ለካ፣ ጎንህ የሚቆመውን አውሮፕላንም ጭምር። እንደዚሁም የሚላክልህ ሳጥን ረጅምና ቀላል ስለሆነ መንገድ ላይ ይሰበራል። ስትረከብ እዚያው ከፍተህ ጠርዞቹን በጣትህ ዳስሳቸው።

ሠርቶልህ እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ?

ከመግጠምህ በፊት ለካ። ይህን የሚያደርግ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ለዚህም ነው በየሀንጋሩ ያለው ወሬ እርስ በርሱ የሚጋጨው። አዲስ ጫፍ የገጠመ ሰው ብዙውን ጊዜ አውሮፕላኑን አሳጥቦ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ሞተር አስተካክሎ ነው። ከዚያ ለውጡን ሁሉ ለጫፉ ይሰጣል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ንፋሱ ገና ሳይነሳ ውጣ። አንድ ከፍታ ምረጥ፤ 11,000 ጫማ ጥሩ ነው። የሞተሩን ዙር፣ ሚክስቸሩን፣ የውጭውን ሙቀትና የአውሮፕላኑን ክብደት መዝግብ። በሦስት የተለያዩ አቅጣጫዎች፣ በ120 ዲግሪ ልዩነት፣ እያንዳንዱን ጥቂት ደቂቃ ያዝ። የጂፒኤስ ፍጥነቱንና የነዳጅ ፍሰቱን ጻፍ። ሦስት አቅጣጫ የምትሄደው የንፋሱን ተጽዕኖ ለማጣፋት ነው። ከዚያ ከ8,000 እስከ 10,000 ጫማ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ሽቅብ ውጣና ሰዓቱን ያዝ። ይህን በሌላ ጠዋት ድገመው። ሁለቱ ጠዋቶች እርስ በርሳቸው ካልተቀራረቡ መለኪያህ ገና አስተማማኝ አይደለም፣ ሦስተኛ ጠዋት ያስፈልጋል።

ጫፉ ከተገጠመ በኋላ ሌላ ምንም ሳትነካ፣ ሰም እንኳ ሳትቀባ፣ ያንኑ ድገም። በአንድ ክብደት፣ በተመሳሳይ ሙቀት። ከሥሩ ያለውን የአየር ፍሰት በዓይንህ ማየት ከፈለግህ የሱፍ ክር በአጭር በአጭሩ ቆርጠህ ጫፉ አካባቢ በፕላስተር ለጥፍ፤ ከጎንህ የተቀመጠ ሰው ፎቶ ያንሳ። ክሮቹ ወደ ኋላ ቀጥ ብለው ከተኙ ፍሰቱ ተጣብቋል። ከተጠማዘዙና ከተንቀጠቀጡ ጫፉና ክንፉ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ፤ ኪቱን ለገጠመልህ ቴክኒሻን ፎቶውን ይዘህ ሂድ።